ካርታ ከመሳቢያ ሲወጣ፦ መንግሥታትና የቦታ መረጃ በ60 ዓመታት

ዛሬ ጂ.አይ.ኤስ. የምንለው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት የተገነባው በካናዳ ነው፤ የሐሳቡ መነሻ ግን ጎረቤታችን ኬንያ ነበረች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ ወይም የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ ወጣት የጂኦግራፊ ባለሙያ ኦታዋ በሚገኝ የአየር ፎቶግራፍ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ኩባንያው በኬንያ ለደን ተከላ የሚስማማ ቦታ እንዲያጠና ተጠየቀ። ሥራው የአፈሩን፣ የአየር ንብረቱን፣ የተዳፋቱንና የመንገዱን ካርታ እየደራረቡ ሁሉም መስፈርት የሚሟላበትን ቦታ መለየት ነበር። በእጅ ይሠራ ቢባል ወጪው የማይቻል ሆነ፤ ጥናቱም ቀረ። ቶምሊንሰን ግን ካርታን ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒውተር መስጠት ቢቻልስ የሚለውን ጥያቄ አልተወውም።

በ1962 በአውሮፕላን ጉዞ ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሊ ፕራት ነበር። ፕራት ደግሞ የካናዳ መንግሥት የገጠር መሬቱ የቱ ለእርሻ፣ የቱ ለደን፣ የቱ ለዱር እንስሳት፣ የቱ ለመዝናኛ እንደሚበጅ ለመመዝገብ ያቀደውን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነው። የሚጠናው ስፋት ከ2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ቶምሊንሰን ሲያሰላው በእጅ ቢሠራ ከ500 በላይ ቴክኒሻኖች ሦስት ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ወጪውም 8 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይደርሳል። ኮምፒውተሩ የመጣው በዚህ ስሌት ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ድጋፍ ካርታ የሚያነብ ስካነር ሳይቀር ለዚሁ ሥራ ተሠራ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማሽኑ ይልቅ የሚገርመኝ የሥራው አደረጃጀት ነው። የመሬት ምዝገባው የፌዴራሉ መንግሥትና የክፍለ ግዛቶቹ የጋራ ሥራ ነበር፤ እያንዳንዱ ያለውን ይዞ መጣ፤ መስፈርቱም አንድ ሆነ። ጂ.አይ.ኤስ. ገና ከጅምሩ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ካርታ ተደራርቦ እንዲነበብ የተፈጠረ ነገር ነው። አንድ ቢሮ ብቻውን ይዞ ቢቀመጥ ከተፈጠረበት ዓላማ ውጭ ይሆናል።

አሜሪካኖች የገቡበት በር ሌላ ነው፤ የሕዝብ ቆጠራ። ለ1970ው ቆጠራ ሲዘጋጁ በኒው ሄቨን ከተማ መንገዶችን፣ መጋጠሚያዎችንና የቤት ቁጥሮችን ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ መመዝገብን ሞከሩ። ለ1990ው ቆጠራ ደግሞ የቆጠራ ቢሮውና የአገሪቱ የጂኦሎጂ ሰርቬይ ተባብረው ታይገር የተባለውን፣ መላ አገሪቱን የሚሸፍን የመንገድና የአስተዳደር ወሰን ዲጂታል ካርታ ሠሩ። ሰርቬዩ በ1፡100,000 ካርታዎቹ ላይ ያለውን መንገድና ወንዝ አቀረበ፤ የቆጠራ ቢሮው አድራሻውንና ወሰኑን አከለበት። በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያዘጋጁት ነገር የቅጂ መብት ስለማይጣልበት ታይገር ለፈለገው ሁሉ ተሰጠ። ሰው ለመቁጠር የተዘጋጀው ካርታ ለንግድ ካርታ ኩባንያዎች መነሻ ሆነ፤ ለከተማ ፕላን ቢሮዎችና ለተመራማሪዎች አገለገለ።

ያችው አገር በሳተላይት ምስል ግን ተቃራኒውን መንገድ ሞክራለች። የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት በ1972 ወደ ሕዋ ከመጠቀ በኋላ ምስሎቹ በአነስተኛ ዋጋ ይሸጡ ነበር። በ1984 ኮንግረስ አገልግሎቱ ወደ ግል እንዲዛወር ሕግ አወጣ፤ ኢኦሳት የተባለ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደረሰ። የደን ለውጥ የሚያጠና ተማሪ ወይም የድሃ አገር የግብርና ሚኒስቴር ይህን ሊከፍል አይችልም፤ ስለዚህ አልገዙም። በ1992 ሌላ ሕግ ወጥቶ ሥርዓቱ ወደ መንግሥት ተመለሰ፤ ላንድሳት 7 በ1999 ሲመጥቅ ዋጋው ወደ 600 ዶላር ወረደ። ከዚያ በ2008 ማኅደሩ በሙሉ ያለ ክፍያ ተከፈተ።

ቀጥሎ የሆነው በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። በሽያጩ ዘመን ምርጥ በነበረው ዓመት በቀን በአማካይ የተሸጠው ምስል 53 ነበር። ከተከፈተ በኋላ በቀን የሚወርደው 5,700 ገደማ ሆነ። በ2013 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመላው ዓለምን የደን ለውጥ የሚያሳይ ካርታ ሲያወጡ 654,178 የላንድሳት 7 ምስሎችን መርምረው ነበር። በ600 ዶላር ቢገዙ ኖሮ ከ390 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ያን ያህል ገንዘብ ለአንድ ጥናት የሚሰጥ የለምና ካርታው ጨርሶ አይኖርም ነበር። አውሮፓውያንም ይህን አይተው ከ2014 ጀምሮ የሚያመጥቋቸውን የሴንቲነል ሳተላይቶች ምስል ከመጀመሪያው ቀን በነፃ አደረጉት። መረጃ ሸጦ ወጪን መመለስ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በዚህ ዘርፍ በተግባር ተፈትኖ ወድቋል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ከዓለም ታሪክ ጋር በሚያሳዝን መንገድ ይገናኛል። የ77ቱ ረሃብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ አሜሪካ በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቋመች፤ ፊውስ ኔት በሚለው ስሙ ይታወቃል። የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች የሚያነሡትን የዕፅዋት አረንጓዴነት ከዝናብና ከገበያ ዋጋ ጋር እያገናዘበ የምግብ እጥረት የሚያሰጋበትን አካባቢ በካርታ ያወጣል። በ1977 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ እንዳልነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና መቋቋሚያ ኮሚሽን ከአደጋው መባባስ በፊት ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ሰሚ ነው የጠፋው። የፊውስ ኔት ጥቅም ክርክሩን ማሳጠሩ ነው፤ ካርታው በሁሉም ፊት ስለሚወጣ አላየሁም የሚል ባለሥልጣን ወይም ለጋሽ አይኖርም። ይሁንና በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ድረ ገጹ ለወራት ተዘጋ። ከዚያ ቢመለስም፣ የራስን አገር ድርቅ በሌላ አገር መስኮት ብቻ መመልከት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በዚያ ጊዜ ታይቷል።

በ1990ዎቹ ጥያቄው ከማሽን ወደ ሕግ ዞረ። በሚያዝያ 1994 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 12906 ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አንድ ቀላል ግዴታ ጣለባቸው፦ አዲስ የቦታ መረጃ ለመሰብሰብ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት የሰበሰበው መኖሩን በጋራ ማውጫው ላይ ፈትሹ። የዚህን ደንብ ያህል ብዙ ገንዘብ በትንሽ ቀለም የሚያድን ሌላ አላውቅም። በዚያው ዘመን ኳታር በ1990 ብሔራዊ የጂ.አይ.ኤስ. አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቁማ ለሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ የካርታ መስፈርት ደነገገች፤ በኋላም ቢሮዎቹን በመረብ አገናኘች። ዶሃ ውስጥ መንገድ የሚቆፍረው ቡድን የመብራቱን ገመድ፣ የውኃውን ቧንቧና የስልኩን መስመር በአንድ ካርታ ላይ አይቶ ይጀምራል። አገሯ ትንሽ፣ ገንዘቧ ብዙ ስለሆነ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት አለው። ግን መጀመሪያ የተሠራው ሥራ መስፈርት ማውጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ነዳጅ አይጠይቅም።

አውሮፓ ውስጥ ሁለት አገሮችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ዴንማርክ በ2002 የአገሪቱን የአድራሻ መረጃ፣ የእያንዳንዱን በር ኮኦርዲኔት ጨምሮ፣ ለማንም በነፃ እንዲሰጥ ወሰነች። በ2010 የወጣው ግምገማ ከ2005 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት የተገኘውን ቀጥተኛ ጥቅም 62 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወጪውን ደግሞ 2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አድርጎ አስልቶታል። ከጥቅሙ አብዛኛው የደረሰው ለግሉ ዘርፍ ነው፤ ቀሪውን ያገኘው ራሱ መንግሥት ነው፤ አምቡላንሱ፣ ግብር ሰብሳቢውና ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ አድራሻ መዝገብ መሥራት ጀመሩ። ዴንማርክ በዚህ ሳትቆም በ2013 የመሬት ከፍታና የመሠረታዊ ካርታ መረጃዋንም ከፈተች።

ብሪታንያ በአንጻሩ ከ1791 ጀምሮ የሚሠራ ዝነኛ የካርታ መሥሪያ ቤት፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ፣ ነበራት፤ ካርታውን ግን በውድ ይሸጥ ነበር። የዚህ ውጤት ማንም ያላሰበው ሆነ። በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ የለንደን ተማሪ ነፃ ካርታ ካጣን ራሳችን እንሥራ ብሎ ኦፕን ስትሪት ማፕን ጀመረ። በ2006 ጋርዲያን ጋዜጣ በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ መረጃ ለሕዝብ ይከፈት የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ በሚያዝያ 2010 ኦርድናንስ ሰርቬይ ከካርታዎቹ ብዙዎቹን ለቀቀ። ሆኖም መንግሥት በ2013 የፖስታ ድርጅቱን ሲሸጥ የአገሪቱን የአድራሻ መዝገብ አብሮ ሸጠው። በዓመቱ የፓርላማው ኮሚቴ ሽያጩ ስሕተት እንደነበር በሪፖርቱ ጻፈ። መዝገቡ ግን አንዴ ከእጅ ወጥቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ኢንስፓየር በተባለው የ2007 መመሪያ አባል አገሮች በ34 ዘርፎች የቦታ መረጃቸውን በአንድ መስፈርት እንዲያዘጋጁ አስገድዷል፤ አፈጻጸሙ አዝጋሚ ነበር፤ ሥራው እስከ 2021 ድረስ ዘልቋል።

የኦፕን ስትሪት ማፕ ጉልበት የታየው በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ነው። በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች ኩባንያዎች የለቀቁትን የሳተላይት ምስል እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ ነፍስ አድን ቡድኖች ያንን ካርታ በእጅ መሣሪያቸው ጭነው ገቡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት የካርታ ብቸኛ ባለቤት መሆናቸው አክትሟል። አንድ መሥሪያ ቤት የመንገዱን ካርታ ቢደብቅ ሌላው ከሰማይ አይቶ ይሥለዋል፤ ከሰማይ የማይታየው የመንገዱ ስም፣ የወረዳው ወሰንና የይዞታው ባለመብት ነው። የመንግሥት ካርታ ዛሬም የማይተካበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። እኛ በዚህ ታሪክ ዘግይተን የገባን አይደለንም። የካርታ መሥሪያ ቤታችን የተቋቋመው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በኋላ የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ፣ ቀጥሎ የጂኦስፓሻል ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ አሁን ደግሞ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ተብሏል። ከ1957 ጀምሮ የአሜሪካ ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር የዓባይን ተፋሰስ በልኬት ነጥቦች መረብ አያያዙት፤ በ1964 የወጣው ባለ ብዙ ቅጽ ጥናት በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ሊሠራ የሚችለውን ግድብ ጭምር አመለከተ። ግንባታው እስኪጀመር፣ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ፣ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የመልካም ልኬት ዕድሜ ይህን ያህል ረጅም ነው፤ የተጠበቀና የሚገኝ ከሆነ።

በጣም የምንኮራበት ሥራ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ነው። በትግራይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ የተስፋፋው የመጀመሪያው ዙር ካርታ አልነበረውም። ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ፣ ሽማግሌዎችና ድንበርተኞች በተገኙበት ማሳው በሰሜን ከእገሌ፣ በምሥራቅ ከጅረቱ ተብሎ ይመዘገባል፤ ገበሬው አረንጓዴ ደብተሩን ይቀበላል። ለአንድ ማሳ የወጣው ወጪ 1 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓለም ላይ ከተደረጉት የዚህ ዓይነት ምዝገባዎች ርካሹ ተብሎ ተመስክሮለታል። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ መውጣቱ ደግሞ ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያው የመሬት ሰነዳቸው ነበር። ችግሩ ጅረቱ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጎረቤት ሲሞት፣ ድንበር ሲገፋ ደብተሩ የሚመልሰው መልስ ማነሱ ነው።

ሁለተኛው ዙር ለዚህ መጣ። ኦርቶፎቶ፣ ማለትም ልክ እንደ ካርታ የተስተካከለ የአየር ፎቶግራፍ፣ በትልቅ ወረቀት ይታተምና ወደ ማሳው ይወሰዳል። ባለይዞታውና ድንበርተኞቹ እየተራመዱ ወሰኑን ያሳያሉ፤ ከአካባቢው ተመልምሎ የሠለጠነ ወጣት በፎቶው ላይ ያሠምራል፤ መስመሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ረቂቁ በቀበሌ አደባባይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ቅሬታ ያለው ያቀርባል። በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ ከ2014 እስከ 2021 የተካሄደው ሊፍት የተባለው ፕሮግራም ብቻ 14 ሚሊዮን ያህል ማሳዎችን ለመመዝገብ ያለመ ነበር። የፊንላንድ ድጋፍ ያለው ብሔራዊ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት ደግሞ በየወረዳው ዝውውርን፣ ውርስንና ኪራይን እንዲመዘግብ በክፍት ሶፍትዌር ተገንብቷል። ሩዋንዳም በተመሳሳይ ዘዴ ከ2013 በፊት ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታዎችን መዝግባለች፤ እኛ ግን በስፋትም በመልክዓ ምድር ውስብስብነትም የበለጠውን ነው የሞከርነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ማሳ ካርታ ላይ ከወጣ በኋላ ማን ያየዋል? የገጠሩን ይዞታ የሚመራው የግብርናው ዘርፍ ነው። የከተማውን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የከተማው ዘርፍ በራሱ ካዳስተር (የይዞታ ካርታና መዝገብ) ይመዘግባል። ሁለቱ ሥርዓቶች ተለያይተው ስላደጉ አደጋው የሚከሰተው በመገናኛቸው ነው። ከተማ ሲሰፋ፣ ትናንት የገጠር የነበረ ማሳ በአንድ ውሳኔ ወደ ከተማ አስተዳደር ይገባል፤ ካሣ መከፈል ያለበት፣ ሐሰተኛ ሰነድ የሚፈበረከው፣ ሙግት የሚበዛውም እዚያው ነው። የገጠሩ መዝገብ የማሳውን ቁጥርና ባለይዞታ ያውቃል፤ የከተማው ግን ከዜሮ ይጀምራል። የሁለቱ ካርታዎች በአንድ የልኬት መረብና በአንድ የይዞታ መለያ ቁጥር መነበብ ከማንኛውም አዲስ የሶፍትዌር ግዢ ይቀድማል። ገበሬው አረንጓዴ ደብተሩን ይዞ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ የሚያጣው ጊዜና መሬት በየትኛውም የመንግሥት ሪፖርት ላይ አይታይም።

ስለ ማካፈል ስናገር ግን በጣም ተስፋ የሰጠኝ የይዞታው ሳይሆን የአፈሩ ታሪክ ነው። ለአሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩ ደጋም ይሁን ቆላ፣ አፈሩ መረሬም ይሁን ቦዳ፣ ያው ዳፕና ዩሪያ ሲሰጠው ኖረ። በ2012 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለ ፕሮጀክት አፈሩን በየወረዳው እየመረመረ የትኛው ንጥረ ነገር እንደጎደለ በካርታ አወጣ፤ እንደ ኤን.ፒ.ኤስ. ያሉ አዳዲስ ቅይጥ ማዳበሪያዎች የመጡት በዚያ መነሻነት ነው። ግን ከዚያ በፊትም አገሪቱ ብዙ አፈር አስመርምራ ነበር። የመስኖ ጥናት፣ የተፋሰስ ማስተር ፕላን፣ የስኳር እርሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሁሉ ጉድጓድ አስቆፍረው የአፈር ፕሮፋይል (የአፈሩን ንብርብር መግለጫ) አስጽፈው ሄደዋል። ውጤቱ በአማካሪ ድርጅት ሪፖርት አባሪ ውስጥ፣ በጡረታ በወጣ ባለሙያ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተበትኖ ቀረ።

በ2018 የአፈርና የአግሮኖሚ ባለሙያዎች መረጃቸውን በፈቃዳቸው ለማካፈል ተሰባሰቡ። ማንም አላዘዛቸውም። መጀመሪያ ላይ ሰው ፈራ፤ ለዓመታት የለፋበትን መረጃ ሰጥቶ ሌላው በስሙ ቢያሳትመውስ? መልሱ ደንብ ማውጣት ሆነ፦ የሰጠው ሰው በስሙ ይጠቀሳል፣ በሚወጣው ጽሑፍም ይሳተፋል። በዚህ መንገድ 20 ሺህ ገደማ የአፈር ፕሮፋይሎች ተሰበሰቡ፤ ከእነዚህ ከ14 ሺህ የሚበልጡት ቦታቸው በትክክል የሚታወቅ ሆኖ ተገኘና በ250 ሜትር ጥራት የመላ አገሪቱ የአፈር ዓይነት ካርታ ተሠራባቸው። ግብርና ሚኒስቴርም ለአፈርና ለአግሮኖሚ መረጃ የማካፈያ መመሪያ አወጣ። አንድም አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር የተገኘ ካርታ ነው። እነዚያን ጉድጓዶች እንደገና ማስቆፈር ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈጅ አንባቢ ራሱ ያስላ። በእኔ አመለካከት በአገራችን የቦታ መረጃ ታሪክ ውስጥ ከሳተላይቱ የማያንስ ክንውን ይህ ነው፤ ሳተላይት በ2019 በቻይና ሮኬት አምጥቀናል፤ መተማመንን ግን ማንም አምጥቆ አይሰጠንም።

ጤናውም ምሳሌ አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ትራኮማ የት የት እንዳለ ለማወቅ የተደረገው ታላቅ ጥናት የመስክ ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ 2012 በኦሮሚያ ነው። መርማሪዎቹ የተጎበኘውን ቤት ኮኦርዲኔትና የምርመራውን ውጤት በስልክ እየመዘገቡ ላኩ፤ በ2016 ሲጠናቀቅ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው ዓይኑ ታይቶ ነበር። የምወድለት ነገር የመረጃው አስተዳደር ነው። ውጤቱ የየአገሩ ጤና ሚኒስቴር ንብረት ነው፤ ሚኒስቴሩ ካላጸደቀው አይወጣም፤ ከጸደቀ በኋላ ግን በወረዳ ደረጃ ለሁሉም ይታያል። የሕመምተኛው ቤት ኮኦርዲኔት አይለጠፍም፤ የወረዳው መቶኛ ይለጠፋል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ሕመሙ 10 በመቶ ከደረሰ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለወረዳው ሕዝብ በሙሉ ይታደላል። ግልጽነትና ምስጢር ጠባቂነት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የሚያደናቅፍ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለ፤ የአስተዳደር ወሰንና የሕዝብ ቁጥር። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ ታብሌት ተገዝቶለት፣ የቆጠራ ቦታዎቹ ካርታ ተዘጋጅቶለት በተደጋጋሚ ተራዘመ። በዚህ መካከል ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሥርተዋል፤ ዞኖችና ወረዳዎች ተከፋፍለዋል። ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ከሆኑት ወረዳዎች የአንዱን የክትባት መረጃ ከማዳበሪያ ስርጭቱ ጋር ለማስተያየት የሚሞክር ባለሙያ መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ወረዳው በአንዱ መዝገብ አለ፣ በሌላው ገና አልተወለደም የሚለው ነው። የስሙ አጻጻፍ ከቢሮ ቢሮ ስለሚለያይ ኮምፒውተሩ አንድ ወረዳ መሆኑን አያውቅም። ብዙ ተመራማሪ በመጨረሻ የሚያወርደው በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠውን የወሰን ፋይል ነው። የራሳችን መንግሥት ቀን ተጽፎበት፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ የማይለወጥ ኮድ ተሰጥቶት፣ በየዓመቱ እየታደሰ የሚወጣ ፋይል ሊያቀርብ ይገባል። ወሰን ያከራክራል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ነው። ለስታቲስቲክስ የሚውል መስመር የባለቤትነት ፍርድ አለመሆኑን በግልጽ ጽፎ ማውጣት ግን ይቻላል፤ ሌሎች አገሮችም ያደርጉታል።

የደኅንነት ስጋት ሁልጊዜ የሚነሣ መከራከሪያ ነው፤ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። አሜሪካ በ1996 በወጣ ሕግ የእስራኤልን ጥርት ያለ የሳተላይት ምስል ኩባንያዎቿ እንዳይሸጡ ከልክላ ነበር። በ2020 ገደቡን አላላችው፤ የሌሎች አገሮች ኩባንያዎች ያንኑ ምስል በተሻለ ጥራት እየሸጡ ስለነበር ክልከላው ትርጉም አጥቶ ነበር። የጦር ሰፈር ካርታ ምስጢር ሊሆን ይችላል። የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድና የገጠር መንገድ ካርታ ግን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ እነዚህን የሚደብቅ ቢሮ የሚጎዳው ጠላትን ሳይሆን የጎረቤት ቢሮውን ነው። የግለሰብን መረጃ በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የማሳው ቅርፅ፣ ስፋትና የመሬት አጠቃቀሙ ለዕቅድ አውጪዎች ሊሰጥ ይችላል፤ የባለይዞታው ስምና ፎቶግራፍ በመዝገቡ ውስጥ ይቀራል። መሥመሩ የት እንደሚሠመር የሚወስን አዋጅ ስላለን አዋጁን በየመሥሪያ ቤቱ የአሠራር መመሪያ አድርጎ መተርጎም ነው የቀረው።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በየዓመቱ በፌዴራልም በክልልም የሚፈረሙ የጥናት፣ የዲዛይንና የአማካሪነት ውሎች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የአየር ፎቶግራፍ፣ የአፈር ናሙና፣ የቤት ለቤት ዳሰሳ ያስከትላሉ። በእነዚህ ውሎች ላይ ሁለት አንቀጽ ይጨመር። አንደኛው፣ አዲስ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የተሰበሰበ መኖሩ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ። ሁለተኛው፣ ጥሬ መረጃው ከኮኦርዲኔቱ ጋር ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሳይገባ የመጨረሻው ክፍያ እንዳይለቀቅ። ውሉን የምታዘጋጁ የግዢና የሕግ ባለሙያዎች፣ ፊርማውን የምታኖሩ ኃላፊዎች፣ ገንዘቡን የምትሰጡ ለጋሾች፦ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጻፉልን።